የካርዱ ቦርሳ

ድሬ ዳዋ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለአባዮ ደሄቦ፣ ዓሊ ሳቢህ፣ ጅቡቲ

ሰላምታዬ ከነጥርጣሬዬ ይድረስሽ። ለምን ስልክ አታነሺም ላልሽው፣ ስልኩ ሲጠራ ባሌ ዲሪር ቀድሞኝ ያነሳና ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይለቀዋል። ከመቼ ወዲህ ነው እሱ የእኔን ስልክ የሚያነሳልኝ? አንቺም ብትሆኚ በስልክ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያልሽ ታመልጪኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ ነው የሚዋሸው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ውሸት አውቀዋለሁ፣ ሃያ ዓመት ገበያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሶማሊኛችንን መጻፍ ስላልተማርን በትምህርት ቤት አማርኛችን እንጻጻፍ።

ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ሾፌር ያነበው ይሆናል ብለሽ አትስጊ። ዐብዲፈታሕ ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የእኛን ፊደል አይለይም። እንዲያው ለማንኛውም ፈትኜዋለሁ። አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ይህ ሰውዬ ሌባ ነው» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት፤ አመስግኖኝ ኪሱ ከተተው። እንዳትነግሪው።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ስፌት ለጠየቅሽኝ፣ ደርቋል። ከእምብርቴ ሥር ጀምሮ ቁልቁል አንድ መስመር ሆኖ ቀርቷል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ያሳክከኛል። ሱቅም ግማሽ ቀን መዋል ጀምሬአለሁ። የምሸጠውን የሽቲ ልብስ ከመደርደሪያ እንዳላወርድ ስለተከለከልኩ ደንበኞቼ ራሳቸው ያወርዳሉ፣ ካልወደዱትም ራሳቸው አጥፈው ይመልሳሉ። ንገሪኝ እስቲ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ደንበኛ ልብስ አጥፎ ሲመልስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እነሱ የሚያውቁት እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ዲሪርም ከጓደኞቹ ጋር መቃሙን ትቶ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቤት ነው፤ ሎሚ ይጨምቅልኛል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ሎሚ በምን እንደሚቆረጥ አያውቅም ነበር። ሰው እንዲህ ደግ ሲሆንብኝ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ታኅሣሥ 22 የናሙናው ውጤት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዶክተር ነጅሙዲን ክፍሉ ያስገባው አንቺን ነው። እኔን አስታማሚሽ ትግባ ብሎ ኮሪደር ላይ አስቀረኝ። ስትወጪ ፊትሽን በሻሽሽ ጠርገሽ ነበር፣ ዓይንሽ ቀልቷል። «ጥሩ ነው ሃሊሞዬ፣ ጥሩ ነው» አልሽኝ። ጥሩ ከሆነ ምን ያስለቅሳል? ሳምንት ሳይሞላሽም ልብስሽን ሸክፈሽ ሄድሽ።

ዶክተሩ ውስጥ ምን አለሽ? ቃል በቃል ጻፊልኝ።

እህትሽ ሃሊሞ

*

ዓሊ ሳቢህ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ ለሃሊሞ

አላህ ጤናሽን እንዳያጓድልብኝ በየሶላቱ እለምናለሁ። መልስ ስላዘገየሁብሽ ይቅር በይኝ፣ ደከም ብሎኝ ነው። እዚህ ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ።

ዶክተሩ ያለኝን ቃል በቃል ስላልሽ ይኸውልሽ። ዕጢው የክፉ ዘር ነበረ፤ ይህን ያልደበቅንሽ ነው። ግን ከእንቁላል ከረጢቱ አልፎ አልወጣም። ሁለቱንም ከረጢት ከነማህፀኑ አውጥተነዋል፣ ሌላ መድኃኒት አያስፈልጋትም፣ በየሦስት ወሩ ደሟም ሆዷም ይታይ አለኝ። የክትትል ቀጠሮሽን መጋቢት 24 ብሎ ጻፈ። ከዚህ የወጣ ነገር ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ያለቀስኩት በእናታችን ነው። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሆዷ እንዴት እንዳበጠና እኛ ጨጓራ ነው እያልን እንዴት ዝም እንዳልን ነገርኩት። ሳወራው እንባዬ መጣ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

ዲሪርን አትጠርጥሪው፣ ሰው ነው፣ ደንግጦ ነው። በተረፈ በሌላው ወረቀት ላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች ሲመችሽ መልሺልኝ። ለእኔ አይደለም፤ ማርያን የምትባል ጎረቤት አለችኝ፣ እንዳንቺ ልትቀደድ ነው አሉ፣ ፈርታለች።

የረመዳን አስቤዛ ይሆንሽ ዘንድ ተምር በዐብዲፈታሕ እጅ ልኬአለሁ።

እህትሽ ደሄቦ

*

ድሬ ዳዋ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዮ ደሄቦ

ተምሩ ደርሷል፣ እናመሰግናለን። ረመዳን ሙባረክ።

መጀመሪያ ለጎረቤትሽ። የጀርባው መርፌ ሲገባ ብርድ ነው እንጂ ሕመም አይደለም፤ ከዚያ እግሬ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ምግብ የቀመስኩት በሁለተኛው ቀን ነው፣ ያውም ሾርባ። ከሁሉ የከፋው ሳል ነው። ሳል ሲመጣባት ትራስ ሆዷ ላይ አድርጋ ጫን ትበል። ቁጭ ብዬ የሰገድኩት አንድ ወር ሙሉ ነው። የወር አበባ በአንዴ ይቀራል፣ በምትኩ ሌሊት በላብ መዋኘት ይመጣል። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ካልሆነች አትዘንበት በያት። «እንደ ሴት መሆንሽ ይቀራል?» ላለችው ደግሞ፣ ዲሪር ሎሚ መጭመቅ ስለበዛበት ገና አላወቅሁትም።

አሁን ተራው የእኔ ነው። አንቺ እኮ ከአልጋዬ ሥር ምንጣፍ ዘርግተሽ ዘጠኝ ቀን አድረሻል። ሾርባውን ያጎረስሽኝ አንቺ፣ ትራሱን ያስያዝሽኝ አንቺ። በዓይንሽ ያየሽውን ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ? ማርያንን ራስሽ ማስተማር ያቅትሻል?

ነገሩ ስላልጣመኝ ዐብዲፈታሕን ሻይ አፍልቼለት አውጣጣሁት። ከቤትሽ በስተቀኝ ጎሚስታ ነው፣ በስተግራ የመስጊዱ ግድግዳ ነው አለኝ። ማርያን ታዲያ የት ነው የምትኖረው፣ ጎማ ውስጥ? ደግሞ ሳያስበው ሌላ ነገር አመለጠው። ባለፈው ሐሙስ ሲመጣ በጠራራ ፀሐይ ሩዝ እየበላሽ አገኘሽ። በረመዳን፣ አባዮ። አርግዘሽ እንኳ አልገድፍም ብለሽ እናታችንን ያስለቀስሽው አንቺ ነሽ።

ሌሊት ጣራ ጣራውን እያየሁ ሳሰላስለው የገባኝ ይኸ ነው። እኔን ድጋሚ ሊቀድዱኝ ነው፤ አንቺ ደግሞ እችለው እንደሆነ ቀስ ብለሽ እየለካሽኝ ነው። ጾምሽን የገደፍሽውም የእኔ ሐሳብ ሆድሽን አሞሽ ነው። ከሆነ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። የምሞት ከሆነ ሱቁን ማን እንደሚይዘው ልናገር፣ ከሰው ጋር አውፍ ልባባል፣ ይቅር በሉኝ ልበል። ሰው በራሱ ነገር መጨረሻ አዋቂ ሲሆን ደስ አይልም።

ሃሊሞ

*

ዓሊ ሳቢህ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃሊሞዬ

ማርያን ከጀርባ በኩል ነው የምትኖረው፣ ዐብዲፈታሕ ከፊት እንጂ ከጀርባ አያውቅም። ሩዙን የበላሁት ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ነው፣ የገደፍኩትን ጾም ቀዷ ከዒድ በኋላ እከፍላለሁ። አንቺን ማንም ድጋሚ አይቀድድሽም። ይህን ስጽፍልሽ ውዱእ አድርጌ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። መጋቢት 24 ለቀጠሮሽ ብቻሽን እንዳትሄጂ። ዒድ ይለፍ፣ በሚያዝያ መጨረሻ እኔ እመጣለሁ፣ አብረን ሄደን ካርድሽን እኔ አወጣልሻለሁ። ወር ቢዘገይ ምንም አይልሽም። ብቻ እኔ ሳልኖር ፋይልሽን አታስከፍቺ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ ታላቅሽ ነኝ፣ እሺ በይኝ።

ደሄቦ

*

ድሬ ዳዋ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደሄቦ

አትሂጂ ስላልሽኝ ሄድኩ። ከምትጽፊልኝ ሁሉ እውነቱ እዚያ ያለ መሰለኝ፣ ነበረም።

ዶክተር ነጅሙዲን የዒድ እረፍት ላይ ስለሆነ ዮኒስ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው ያየኝ። ደሜ ንጹህ ነው አለኝ። ደስ ብሎኝ ሻሼን ሳስተካክል ፋይሉን ገለበጠ፣ ከመሃል አንድ ወረቀት አወጣ። «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልትራሳውንድ ተነስተሻል» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ምን ይላል አልኩት። «በግራ የእንቁላል ከረጢት ላይ ሰባት ሳንቲሜትር ዕጢ አለ ይላል።» ወደ ኋላ ገልብጦ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት አነበበ፤ እንደገና አልትራሳውንዱን አነበበ። «ሁለቱም ወጥተዋል ይላል እኮ ይኼ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው ያለው።

የወጣ ነገር ላይ ዕጢ ይበቅላል ወይ? ቁርጡን ንገሪኝ። ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶኝ፣ አይቶ፣ ተስፋ ቆርጦ መልሶ ሰፍቶኛል። በሦስተኛው ቀን በድንዛዜ እያለሁ በጋሪ የሆነ ክፍል ወስደውኝ ነበር፣ ያኔ ነው ያዩኝ። አንቺና ዲሪር ደግሞ ተስማምታችሁ «ሁሉም ወጥቷል» ብላችሁኛል። ሎሚውም፣ የታጠፈው ሽቲም፣ ወር ቢዘገይ ምንም አይልሽም ማለትሽም አሁን ገባኝ። ለሚሞት ሰውማ ወር ምን ያደርግለታል።

ሐኪሙ እዚህ ጋ ተኚና አሁኑኑ በመሣሪያው ልይሽ አለኝ። አልተኛም አልኩት። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ዶክተር ነጅሙዲን ሰኞ ሚያዝያ 6 ይገባል፣ እሱን አነጋግሪው ብሎ እስከ በሩ ተከተለኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የዚያን ዕለት ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥተው በብረት ሳህን ለአስታማሚ የሚያሳዩትን አሳይተውሽ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ምን አየሽ? ወይስ ባዶ ሳህን ነው ያየሽው?

ለዚህ መልስ ካልሰጠሽኝ እህት የለኝም። ሰላምታም አልጽፍልሽም።

ሃሊሞ

*

ዓሊ ሳቢህ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃሊሞዬ፣ እህት የለኝም ብትይም

አይቻለሁ። አንዱ እንደ ትልቅ ፓፓያ ነበር፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ። ሌላው ትንሽ፣ ከማህፀኑ ጋር ተያይዞ። ነርሷ በጓንቷ ገልብጣ አሳየችኝ፣ ይኼ የግራው፣ ይኼ የቀኙ፣ ጨርሰናል አለችኝ። በአላህ ስም፣ በእናታችን መቃብር፣ በሆድሽ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ባዶ ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ትኖሪያለሽ።

ያ ወረቀት ያንቺ ነገር አይደለም። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ፎቶውን ከስልክሽ አጥፊው፣ ወረቀቱንም ካገኘሽው ቅደጂው። ዲሪር ምንም አያውቅም፣ እሱን አትጣዪው።

ያስቸገርኩሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አውፍ በይኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ደሄቦ

*

ድሬ ዳዋ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለአባዮ ደሄቦ

በመጀመሪያ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ባለፈው የነፈግሁሽንም ጨምሬ ሁለት ጊዜ ሰላም።

«ቅደጂው» ባትዪኝ ኖሮ ደግሜ አላየውም ነበር። አንቺ ቅደጂ ስትይኝ እኔ ሀዊ ጋ ሄድኩ። ታውቂያታለሽ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ፋርማሲ የምትሠራዋ። ፎቶውን ሰጥቻት ከላይ እስከ ታች አንዲት ፊደል ሳትዘዪ አንብቢልኝ አልኳት። ስም፣ የእኔ ከነአባታችን። ዕድሜ፣ ሃምሳ አንድ። «እንዴ፣ ሰባት ዓመት ጨመሩብኝ እኮ» አልኳት፣ ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥላ የፈረንጁን ቀን በጣቷ ቆጥራ ወደ እኛ መለሰችው። ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ ነው አለችኝ።

የሀዊ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ታኅሣሥ 24 እኔ መልካ ጀብዱ ነበርኩ፣ የዲሪር አጎት ለቅሶ ላይ። ከተቀደድኩ ወዲህ ከሰፈር የወጣሁበት የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ አልረሳውም። መንገዱ ስፌቴን እንዳያናውጠው ባጃጁ ውስጥ ትራስ ያሳቀፍሽኝ አንቺ ነሽ። «እኔ ልብስ ላጥብ» ብለሽ ቀረሽ። ማታ ስንመለስ ልብሱ ሳፋው ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ነው፤ ውሃ ሄደች አልሽን። ውሃ ግን አልሄደችም ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ሁሉ አጥበው አስጥተው ነበር፣ እያየሁ በገመዳቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ነው ያለፍኩት። ያን ጊዜ አልጠረጠርኩሽም። ስንቱን ስጠረጥር ያንን አለፍኩት።

የሆስፒታል ካርዴን የያዘው ቦርሳ ካስታመምሽኝ ጀምሮ ትከሻሽ ላይ ነበር። የድሬ መታወቂያ የለሽ፣ የአገሩ ነዋሪ አይደለሽ፤ እህትሽ ደግሞ ገና አራስ የመሰለች በሽተኛ። ካርድ ክፍል ሄደሽ «ሃሊሞ ነኝ» አልሽ። ዕድሜ ሲሉሽ ግን አፍሽ የራስሽን ተናገረ። ውሸት እንኳ በወጉ የማይሆንልሽ ሰው ነሽ። እኔ ብሆን ዕድሜዬን አልረሳም ነበር።

አባዮ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሞቴን የደበቅሽኝ መስሎኝ ተኝቼ አላደርኩም። ስለ ጀርባው መርፌ ስትጠይቂኝ ዶሮ እንደምትመዝን ነጋዴ እየመዘንሽኝ ነው አልኩ። ለካ ፈርተሽ ነው። ማርያን አንቺ ነሽ። ፍርሃትሽን እንኳ በሌላ ሴት ስም ላክሽልኝ፣ እኔ ደግሞ ቀለድኩበት። አንጀቴ ነው የተቆረጠው። እህት የለኝም ያልኩበትን ወረቀት ያንን ቅደጂልኝ፣ የሚቀደደው እሱ ነው።

ትናንት ሰኞ ዶክተር ነጅሙዲን ጋ ገብቼ ሁሉንም አፈረጥኩት። መጀመሪያ ተቆጣኝ። «በሰው ካርድ መታከም ሁለት ሰው መግደል ነው፤ አንቺን በከንቱ ልንከፍትሽ፣ እሷን ደግሞ ሳናውቃት ልናጣት ነበር» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ከዚያ የዚያን ዕለት ኮሪደር ላይ ትቶኝ ላንቺ ያለሽን ነገረኝ። እናታችሁንም እህትሽንም ይህ ሕመም ካገኛቸው አንቺም ዛሬ ነገ ሳትዪ ታዪ ብሎሽ ነበር። ያለቀስሽውም በእናታችን ብቻ አልነበረም። ከዚያም አስተኝቶ እኔንም በመሣሪያው አየኝ። ንጹህ ነኝ። ባዶ ነሽ ያልሽኝ እውነትሽን ነበር፣ ያንንም አላመንኩሽም ነበር።

ዕጢሽ ምን ዘር እንደሆነ ሳይከፈት አይታወቅም፣ ደግም ሊሆን ይችላል ብሏል። ነገር ግን አራት ወር ሊሞላው ነው፣ ሌላ ሳምንት አትጨምሩበት አለኝ። ሰኞ ሚያዝያ 13 ጠዋት ቀጠሮ ይዞልሻል። ካርድ በራስሽ ስም ወጥቷል፣ ደሄቦ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት። ተያዥ ዲሪር ሆኖ መታወቂያውን አስመዘገበ። እሱንም መጨረሻ ላይ አፋጥጬ ጠየቅሁት፣ ለምንድነው ሎሚ የምትጨምቀው፣ ለምንድነው ስልኬን የምታነሳው አልኩት። «ስለፈራሁ» አለኝ። ሌላ ምስጢር የለውም።

በሚያዝያ መጨረሻ እመጣለሁ ያልሽው ቀረ። ዐብዲፈታሕ ቅዳሜ ሲመለስ በጋቢናው ይዞሽ ይመጣል። መንገድ ላይ «እዚህ አውርደኝ፣ ረስቼ ነው» ብትዪው እንዳይሰማሽ አስጠንቅቄዋለሁ፣ አላምንሽም። ፊደል ባይለይም ይህ በሚገባ ገብቶታል።

ከደብዳቤው ጋር ትራሱን ልኬልሻለሁ፣ ያንኑ የመልካ ጀብዱውን። ከድንበሩ ከደወሌ ወዲህ ያለው መንገድ ያንገጫግጫል፣ ሆድሽ ላይ አቅፈሽ ነይ። ምንጣፌን ከአልጋሽ ሥር የምዘረጋው እኔ ነኝ። የካርድሽ ቦርሳ አሁን ትከሻዬ ላይ ነው፣ እስከ ሰኞም አይወርድም። ዶክተሩ ስምሽን ሲጠራ አብረን እንገባለን፣ ኮሪደር ላይ የሚቀር የለም።

አስታማሚሽ ሃሊሞ